አንድ ጎተራ፣ ብዙ ገብስ፦ ልዩነቱ የዘሩ ነው ወይስ የመሬቱ?

የቀረበው ጥያቄ፦ «ቤተሰቦቼ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ገብስ ያመርታሉ። ከአንድ ጎተራ ወጥቶ በተዘራ ማሳ ላይ ባለ ሁለት ረድፉም ባለ ስድስት ረድፉም፣ ነጩም ጥቁሩም፣ ቶሎ የሚደርሰውም የሚዘገየውም አብሮ ይወጣል። አባቴ ‹ገብስ መሬቱን እያየ ይለወጣል› ይላሉ። የቀበሌያችን የግብርና ባለሙያ ደግሞ ‹ዘራችሁ ተደባልቋል› ብሎናል። ልዩነቱ የዘሩ ነው ወይስ የመሬቱ? ተመራማሪዎችስ ይህን በምን ይለያሉ?»

ምላሽ፦

አባትዎም ባለሙያውም የየራሳቸውን እውነት ይዘዋል። ችግሩ ጥያቄው ስለ «ገብስ» በጅምላ ሲቀርብ መልስ የማይገኝለት መሆኑ ነው። ስለ ረድፉ ቢጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፤ ፍሬውን ስለሚሸፍነው ልባስና ስለ ቀለሙ ቢጠይቁኝም ከዚያው ብዙ አይርቅም፤ ስለ ቁመቱና ስለሚደርስበት ጊዜ ግን ሌላ ነው። በአንድ ተክል ላይ የሚታዩ ባሕርያት ሁሉ እኩል የዘር ወይም እኩል የመሬት ውጤቶች አይደሉም፤ እያንዳንዱን ለብቻው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ አንድ ቃል ላጥራ። በአማርኛ «ዝርያ» ስንል ገብስን ከስንዴ ለመለየትም፣ ጥቁሩን ገብስ ከነጩ ለመለየትም ያው ቃል ያገለግለናል። እኔ እዚህ ዝርያ የምለው በመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ነው፤ የሚታረሰው ገብስ በሙሉ፣ የረድፉም የቀለሙም ልዩነት ሳይገድበው፣ እርስ በርሱ ተዳቅሎ ጤናማ ፍሬ የሚሰጥ አንድ ዝርያ ነው። በውስጡ ያሉትን ልዩ ልዩ መልኮች «ዓይነት» እላቸዋለሁ። ይህን ማምታታት የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ዕፅዋትን ሲመዘግብ ባለ ሁለት ረድፉንና ባለ ስድስት ረድፉን ገብስ የተለያዩ ዝርያዎች አድርጎ ነበር የጻፋቸው። ዛሬ ልዩነታቸው በዋናነት የአንድ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የአንድ መመሪያ፣ ጉዳይ መሆኑ ታውቋል።

የእርስዎ ቤተሰብ ማሳ ለምን እንዲያ ዥንጉርጉር እንደሆነ ለመረዳት ከአበባው መነሣት ይገባል። የገብስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ ዛላው ከቅጠሉ እቅፍ ሳይወጣ ወይም ገና ብቅ ሲል ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ከሌላ ተክል ጋር የሚዳቀለው ከመቶ አበባ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። በዚህ ምክንያት የአንድ ገብስ ልጆች ከሞላ ጎደል እናታቸውን ራሷን ይሆናሉ። አልፎ አልፎ የሚፈጠር ድቅል እንኳ ቢኖር፣ ከሁለት ወላጅ የወረሰው ልዩነት በየትውልዱ በግማሽ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ከስምንት ትውልድ በኋላ ከግማሽ በመቶ በታች ይደርሳል፤ ዘሩም እንደገና ጠርቶ ይቀመጣል። እንግዲህ የአገር ገብስ የተዘራበት ማሳ፣ አጥር ለአጥር ተጎራብተው እየኖሩ እምብዛም የማይጋቡ ብዙ ቤተሰቦች የሰፈሩበት መንደር ነው ማለት ይቻላል። ሲታጨድና ሲወቃ ሁሉም አንድ ጎተራ ይገባል፤ ሲዘራ ደግሞ ያ ሁሉ ቤተሰብ እንደገና ወደ ማሳው ይወጣል።

ስለዚህ ባለሙያው «ተደባልቋል» ማለቱ ልክ ነው፤ ነገር ግን ቃሉ የጥፋት ድምፅ አለው፣ እዚያ ላይ ነው የማልስማማው። ከምርጥ ዘር አባዥ የተገዛ የቢራ ገብስ ውስጥ ጥቁር ዛላ ቢገኝ በእርግጥ ጉድለት ነው። የአገር ዘር ግን መጀመሪያውኑ ድብልቅ ሆኖ የኖረ ነው፤ ጥንት ንጹሕ የነበረና በቸልተኝነት የተበላሸ አይደለም። ዝናብ ሲያጥር ቶሎ ደራሹ፣ ውርጭ ሲመታ የዘገየው እየተረፈ የቤተሰቡን ጎተራ ባዶ እንዳይቀር ያደረገውም ይኸው ድብልቅነቱ ነው።

የዘርን ድርሻ ከመሬት ድርሻ የሚለይበትን መንገድ በግልጽ ያሳየው ዊልሄልም ዮሃንሰን የተባለ የዴንማርክ ተመራማሪ ነው። በ1903 ባሳተመው ሥራ የተጠቀመው እንደ ገብስ ሁሉ ራሱን የሚያዳቅለውን ቦሎቄ ነበር። ከድብልቅ ክምችት 19 ፍሬዎች ወስዶ ከእያንዳንዳቸው አንድ አንድ የዘር ሐረግ አወጣ። ሐረጎቹ በፍሬያቸው ክብደት ይለያዩ ነበር፤ የአንዱ ፍሬ በአማካይ 0.35 ግራም ገደማ ሲመዝን የሌላው 0.64 ግራም ገደማ ደረሰ። ትልቁ ግኝት የመጣው ግን በአንድ ሐረግ ውስጥ ትልልቁንና ትንንሹን ፍሬ ለይቶ ሲዘራ ነው። ከትልቁም ከትንሹም የተገኙት ልጆች በአማካይ እኩል ሆኑ። በሐረጎች መካከል ያለው ልዩነት ይወረሳል፤ በአንድ ሐረግ ውስጥ ያለው ልዩነት ግን ፍሬው በአገዳው ላይ የተቀመጠበት ቦታ፣ የአፈሩ ልማትና የእርጥበቱ መጠን የፈጠረው ስለሆነ ከተክሉ ጋር ያልቃል። በዓይን ብቻ ቢታዩ ሁለቱ ልዩነቶች አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የልጆቹ ሁኔታ ነው። ዮሃንሰን ይህን ለመግለጽ ነበር በ1909 «ጂን»፣ «ጂኖታይፕ» እና «ፊኖታይፕ» የሚሉትን ቃላት የፈጠረው። ጂኖታይፕ ተክሉ የወረሰው ነው፤ ፊኖታይፕ ደግሞ የወረሰው ነገር ባደገበት መሬት ላይ የያዘው መልክ።

ሁለተኛው መንገድ ተክሉን ከቦታው አንሥቶ ሌላ ቦታ መትከል ነው። ክላውሰን፣ ኬክና ሂሲ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በካሊፎርኒያ ይህን በሰፊው ሠርተውታል። አንዱን የዱር ተክል እየከፈሉ ቁርጥራጮቹን በሦስት ቦታ ተከሉ፤ በባሕር ጠለል አቅራቢያ 30 ሜትር ገደማ፣ በተራራው ወገብ 1,400 ሜትር ገደማ፣ በአናቱ ደግሞ 3,050 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ። ከአንድ ተክል የተከፈሉ ስለሆኑ የዘር ልዩነት የለባቸውም፤ በመካከላቸው የታየው ሁሉ የቦታው ነው። በአንድ ቦታ ላይ ጎን ለጎን የተተከሉት ከተለያየ አገር የመጡት ደግሞ መሬታቸው አንድ ስለሆነ የሚያሳዩት ልዩነት የዘራቸው ነው። ከአናቱ የመጡት አጫጭር ተክሎች ቆላ ወርደውም አጭር ሆነው ቀሩ፤ ከባሕር ዳርቻው የመጡት ብዙዎቹ ደግሞ የከፍታውን ብርዳማ ክረምት ሳያልፉ ሞቱ። ደብረ ብርሃን አካባቢ በ2,800 ሜትር ላይ የሚታየው አጭር ገብስ ብርድ ያሳጠረው ይሁን በዘሩ አጭር የሆነ፣ ቆሞ በማየት አይታወቅም፤ ቆላማው ወንዝ ዳር አውርዶ መዝራት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ረድፉ ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ የምናውቀው እሱን ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አስረዳለሁ። አንድ ለጋ የገብስ ዛላ ይያዙና ፍሬዎቹ የተሰኩበትን መካከለኛውን ዘንግ ከታች ወደ ላይ በጣትዎ ይከተሉ። በእያንዳንዱ እርከን ሦስት አበቦች በአንድነት ተቀምጠው ያገኛሉ፤ ቀጣዮቹ ሦስቱ ደግሞ በዘንጉ ተቃራኒ ጎን ናቸው፤ እንዲህ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ እስከ ጫፉ ይሄዳሉ። ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ላይ ሦስቱም ያፈራሉ፤ ሦስት ከግራ፣ ሦስት ከቀኝ ሲሆኑ ዛላው ከላይ ሲታይ ስድስት ማዕዘን ይሠራል። ባለ ሁለት ረድፉን ዛላ ሲይዙ ሦስቱ አበቦች እዚያም አሉ፤ ነገር ግን የሚያፈራው የመካከለኛው ብቻ ነው። ሁለቱ የጎን አበቦች እንደ ቀጭን ቅርፊት ጠፍጥፈው ፍሬውን አቅፈው ይቀራሉ። እኔ ተማሪ ሳለሁ ይህን በአጉሊ መነጽር እስካይ ድረስ ባለ ሁለት ረድፉ አበባው የጎደለ ይመስለኝ ነበር። የጎደለው አበባው ሳይሆን የአበባው እድገት ነው።

እድገቱን የሚያቆመው ቪአርኤስ1 የሚባል ጂን መሆኑን በጃፓን የተመራ ቡድን በ2007 አሳየ። ይህ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን ሌሎች ጂኖችን የሚያበራና የሚያጠፋ ዓይነት ነው፤ በጎን አበቦች ላይ ተሠማርቶ እንዳያድጉ ይገታቸዋል። የዱሩ ገብስ ባለ ሁለት ረድፍ ነው፤ ጂኑም ጤነኛ ነው። ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ የተፈጠረው ጂኑ ሲሰናከል ነው፤ ልጓሙ ሲፈታ የጎን አበቦቹ አድገው አፈሩ። ስለዚህ ሦስት እጥፍ ፍሬ የሚያወጣው ዛላ አዲስ ችሎታ ያገኘ ሳይሆን ከልካዩን ያጣ ነው። ለዱሩ ተክል ግን ከልካዩ ይጠቅመዋል፤ ዛላው ሲደርቅ እየተሰባበረ በሚወድቅበት ጊዜ ጠፍጣፋዎቹ የጎን አበቦች ፍሬው እንደ ፍላጻ ወደ አፈር እንዲገባ ይረዱታል። ሰው እያጨደ በሚዘራው ማሳ ላይ ይህ ጥቅም ዋጋ የለውም።

ስብራቱ የደረሰው አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ደግሞ ይበልጥ የሚገርም ነው። የተለያዩ ባለ ስድስት ረድፍ ገብሶች ዲኤንኤ፣ ማለትም ጂኖች በኬሚካል ፊደላት የተጻፉበት ጽሑፍ፣ ሲነበብ ጂኑ በተለያየ ቦታ ተሰብሮ ተገኘ፤ በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል ጎድላለች፣ በሌላው አንዲት ፊደል ተጨምራለች፣ በሦስተኛው አንዲት ፊደል በሌላ ተተክታለች። ማሳ ላይ ቢያዩዋቸው አይለያዩም፤ በዘር ግን የየቅል ናቸው። ባለ ሁለት ረድፉን ከባለ ስድስቱ ጋር ቢያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ወደ ባለ ሁለት ረድፉ ያደላል፤ አንድ ጤነኛ ጂን ለመግታት ስለሚበቃ ነው። የዚያን ልጆች ብትዘሩ ግን ከአራት አንዱ ገደማ ባለ ስድስት ረድፍ ሆኖ ይወጣል። አንድ ገበሬ «ባለ ሁለት ረድፍ ዘርቼ ባለ ስድስት አጨድኩ» ሲል ከሚሰማባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፤ ከዓመታት በፊት ሳይታወቅ የተዳቀለ አንድ ተክል የልጅ ልጆቹን እያሳየው ነው።

አባትዎን ደግፌ የምከራከረው ደግሞ እዚህ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ገብስ ከሁለቱ መልኮች ውጭ ሌሎችም አሉት። በአንደኛው የጎን አበቦቹ ከተለመደው ባለ ሁለት ረድፍ እንኳ ይበልጥ አንሰው የሚታዩ አይመስሉም፤ ይህ ዓይነት በአገራችን የተለመደ ሲሆን መነሻውም እዚያው ቪአርኤስ1 ላይ የደረሰ የአንዲት ፊደል ለውጥ ነው። ሌላኛው ግን ወጥ ያልሆነው ነው፤ በአንድ ዛላ ላይ አንዱ እርከን አንድ ፍሬ፣ ቀጣዩ ሦስት፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁለት ያፈራል። በዓለም የዘር ክምችቶች ውስጥ ካለው የዚህ ዓይነት ገብስ ብዙው የተሰበሰበው ከኢትዮጵያ ነው። በጀርመን ጋተርስሌበን የሚገኙ ተመራማሪዎች ዲኤንኤውን ሲያነቡት በረድፍ ጂኑ በኩል ባለ ስድስት ረድፍ ሆኖ አገኙት፤ በሌላ ክሮሞሶም (ጂኖች በተደረደሩበት የዲኤንኤ ክር) ላይ ያለ ጂን ነው የጎን አበቦቹን እዚህ እየፈቀደ እዚያ እየከለከለ የሚያዛባው። ስንቱ እንደሚያፈራ ደግሞ ተክሉ ያደገበት ሁኔታ ይወስናል። እንግዲህ ይህን ዓይነት የዘራ ሰው፣ ያው ዘር ዓመት ቆጥሮና መሬት መርጦ ረድፉን ሲለዋውጥበት በዓይኑ ያያል። አባትዎ ያዩት ይህን ከሆነ ትዝብታቸው ትክክል ነው፤ ከአንዱ ዓይነት ያዩትን ለገብስ ሁሉ መስጠታቸው ነው ስሕተቱ።

ልባሱን በአጭሩ ላንሣ። ተራውን ገብስ ለመሸክሸክ ሙቀጫ የሚያስፈልገው ልባሱ ከፍሬው ጋር ስለተጣበቀ ነው፤ አበባው ፍሬ መያዝ ከጀመረ ከአንድ ሳምንት ተኩል ገደማ በኋላ የፍሬው ገጽ ቅባት ያለው ሙጫ ያመነጫል። ልባሱ ከውቂያ ጋር የሚራገፈው ገብስ ይህን ሙጫ የሚያዘው ጂን ጨርሶ የለውም፤ 17 ሺህ ያህል ፊደላት ያሉት የዲኤንኤ ክፍል ከነጂኑ ተቆርጦ ወጥቷል። በ2008 የወጣው ጥናት ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰቡትን ራቁት ገብሶች ሲመረምር ያንኑ አንድ ቁራጭ ሁሉም ላይ አጣው፤ ስለዚህ ከረድፉ በተለየ ይህኛው መነሻው አንድ ነው። እኛ «ሰነፍ ቆሎ» የምንለው ስም ግን ልባሱ ሙሉ በሙሉ የሚራገፈውንም በከፊል የሚላቀቀውንም ስለሚያጠቃልል፣ ስሙን ብቻ ይዞ ጂኑ ይህ ነው ማለት አይቻልም። ቀለሙም እንዲሁ ነው፤ ጥቁሩ ልባስ የሜላኒን ሥራ ሲሆን ሐምራዊና ሰማያዊ የሚመስሉት ፍሬዎች ከሌላ ዓይነት ማቅለሚያ የመጡ ናቸው። ፀሐይና የብስለት ደረጃ ጥቁረቱን ሊያደበዝዙት ወይም ሊያጠሩት ይችላሉ፤ ነጩን ገብስ ግን ጥቁር የሚያደርግ መሬት የለም።

ቁመት፣ የሚደርስበት ጊዜ፣ የፍሬ ክብደትና ከአንድ ሥር የሚወጣው የአገዳ ብዛት ከዚህ ሁሉ ይለያሉ። እነዚህን ብዙ ጂኖች በጥቂት በጥቂቱ ያዋጡባቸዋል፤ መሬቱም የራሱን ያዋጣል። ከቤት ጀርባ አመድና ፍግ የሚደፋበት ጓሮ ላይ የበቀለ ገብስ ቁመቱ ረዝሞ ሲጋሽብ፣ ያው ዘር ጭንጫ ላይ ከጉልበት ሳያልፍ ሊያፈራ ይችላል። በተለይ የመድረሻ ጊዜ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገብስ ቀኑ ሲረዝም ለማበብ የሚቸኩል ተክል ነው፤ በ2005 የታወቀው ፒፒዲ-ኤች1 የተባለ ጂን ይህን ይቆጣጠራል፤ የሰሜን አውሮፓ የጸደይ ገብሶች ይህ ጂናቸው ስለተዳከመ ረጅሙን በጋቸውን ተጠቅመው ዘግይተው ያብባሉ። በእኛ አገር ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማይበልጥ፣ በአውሮፓ ትልቅ ልዩነት የሚያመጣው ጂን እዚህ ያን ያህል ላይናገር ይችላል፤ ቦታውን የሚይዙት የከፍታው ብርድና የዝናቡ መቆም ናቸው። የአንድ ጂን ውጤት ራሱ እንደየአገሩ ይለያያል ማለት ነው። «ስንት በመቶው የዘር፣ ስንት በመቶው የመሬት?» ተብሎ የሚሰጥ ቁጥርም የሚሠራው ለተለካበት ማሳና ለተለካው የዘር ስብስብ ብቻ ነው፤ ንጹሕ ዘር ብቻ በተዘራበት ማሳ ላይ ልዩነቱ መቶ በመቶ የመሬቱ ይሆናል፤ ይህ ግን ጂን አይሠራም ማለት አይደለም።

እነዚህን ጂኖች ተመራማሪዎች የሚያድኑት በሁለት መንገድ ነው። የቆየው ሁለት የተለያዩ ወላጆችን አዳቅሎ፣ ልጆቹ ላይ የትኛው የክሮሞሶም ክፍል ከየትኛው ባሕርይ ጋር አብሮ እንደሚወረስ መከታተል ነው። አዲሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ዲኤንኤ አንብቦ፣ እያንዳንዷ የፊደል ልዩነት ከተለካው ባሕርይ ጋር ትሄድ እንደሆነ ማስላት ነው። ይኸኛው ፈጣን ቢሆንም ወጥመድ አለው። ለምሳሌ ጥቁሮቹ ገብሶች ሁሉ ከአንድ ውርጫማ ደጋ የመጡ ቢሆኑ፣ የጥቁረቱ ጂን የውርጭ መቋቋሚያ መስሎ ይታያል፤ በእርግጥ ግን ሁለቱን ያገናኛቸው ዝምድና ብቻ ነው። ስለዚህ የዝምድናውን መጠን አስቀድሞ ለክቶ መቀነስ ግዴታ ነው፤ ይህን ያልሠራ ጥናት አላምንም። ሌላው እንቅፋት ገብስ በሰባት ጥንድ ክሮሞሶሞቹ 5 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት የሚሸከም መሆኑ ነው፤ ከሰው ዲኤንኤ ይበልጣል። የአንዱን ዓይነት ብቻ ማንበብም አይበቃም፤ የልባሱ ጂን እንዳሳየን፣ አንዱ ላይ ያለው ጂን ሌላው ላይ ከነአካቴው ላይኖር ይችላል። በ2020 የ20 ገብሶች፣ በ2024 ደግሞ የ76 የዱርና የማሳ ገብሶች ሙሉ ዲኤንኤ ጎን ለጎን የተነበበው ለዚሁ ነው።

ይህ ሁሉ ልዩነት ለምን እኛ ዘንድ በዛ? ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የገብሳችንን ብዛት ባየ ጊዜ፣ ልዩነት የበዛበት ቦታ መነሻ ነው በሚለው ሐሳቡ መሠረት የገብስ መገኛ እዚህ ነው ብሎ ነበር። ነገር ግን የገብስ የዱር ወላጅ በኢትዮጵያ አይበቅልም፤ ከ10 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተላመደው በመካከለኛው ምሥራቅ ነው። እዚህ የደረሰው ከተላመደ በኋላ ነው፤ ከደረሰ በኋላ ግን ለብቻው ረጅም ዘመን ስለቆየ የኢትዮጵያ ገብስ በዲኤንኤው ከሌላው ዓለም ተለይቶ ይታወቃል። በመኸርና በበልግ መዘራቱ፣ ከወይና ደጋ እስከ ውርጭ መውጣቱ፣ ለጠላ፣ ለቆሎ፣ ለበሶና ለገንፎ ለየብቻው መፈለጉ፣ ራሱን ማዳቀሉም የተገኘውን ልዩነት ሳይበተን ማቆየቱ ተደምረው ያን ብዛት ሠሩ።

ድብልቁ ምን ሊሸሽግ እንደሚችል አንድ ታሪክ ልንገርዎት። በ1937 እና በ1938 ጀርመናውያን አሳሾች ከኢትዮጵያ ማሳዎች የሰበሰቡት ገብስ ወደ ዘር ማከማቻ ገባ። ከዚያ ውስጥ ጥቂቶቹ ቅጠልን ዱቄት የነሰነሱበት የሚያስመስለውን ፈንገስ ፈጽሞ የማያስገቡ ሆነው ተገኙ። ፈንገሱ ወደ ቅጠሉ ሕዋስ ለመግባት ኤምኤልኦ የተባለውን የተክሉን የራሱን ፕሮቲን ይፈልጋል። በእነዚያ ገብሶች ላይ ጂኑ ጤነኛ ነው፤ ነገር ግን የራሱ ቁራጭ ያለበት የዲኤንኤ ክፍል እየተደጋገመ ከጎኑ ስለተደረደረ ንባቡ ይታወካል፣ ፕሮቲኑም በበቂ አይሠራም። ይህን ባሕርይ የያዘው አቴም የተባለ ዓይነት በ1979 በኔዘርላንድስ ለገበሬ ቀረበ፤ ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ የጸደይ ገብስ ላይ በስፋት ገብቷል፤ ፈንገሱም እስካሁን ሊረታው አልቻለም። ክሽክሽ የተባለው ተባይ የሚያስተላልፈውን አቀጫጭ የገብስ ቫይረስ የሚቋቋመው ጂንም ከኢትዮጵያ ገብስ ነው የተገኘው። እንዲህ ያለው ጂን ከመቶ ዛላ በአንዱ ላይ ብቻ ሊኖር፣ መልኩም ከጎረቤቱ ላይለይ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ዘራችሁን እንድታጠሩ ቢመክርዎት፣ ለሽያጭ የሚሆነውን ለይታችሁ አጥሩ፤ ከድብልቁ ግን ጥቂት ቁና ለብቻ እየተዘራ ይቆይ እላለሁ። በ1976 የተመሠረተው የአሁኑ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የገብስ ናሙናዎችን በብርድ ክፍል ያኖራል፤ በብርድ ክፍል ያለ ዘር ግን ከአዲስ በሽታ ጋር አይገናኝም፣ ማሳ ላይ ያለው ይገናኛል።

አሁን ፈተናውን በራስዎ ማሳ ላይ ይሥሩት። ከመታጨዱ በፊት 40 ያህል ዛላ ይምረጡ፤ የእያንዳንዱን ረድፍ፣ ቀለምና ልባስ በደብተር ይጻፉ፤ ዛላውን ለብቻው በእጅ ፈልፍለው ቁጥር በተጻፈበት ወረቀት ይጠቅልሉ። ከባለ ሁለት ረድፉ ዛላ ከ20 እስከ 30 ፍሬ ስለሚያገኙ ለሁለት ቦታ ይበቃዎታል። በሚቀጥለው ወቅት የአንዱን ዛላ ፍሬ እኩሌታ ጓሮ ላይ፣ እኩሌታውን ራቅ ያለው ማሳ ላይ፣ እያንዳንዱን በራሱ ትልም ይዝሩ። የትልሞቹን ተራ ዕጣ አውጥተው ይደልድሉ፤ ጥቁሮቹን ሁሉ በአንድ ወገን ከደረደሩ የወገኑን አፈር የቀለሙ ሥራ አድርገው ሊቆጥሩት ይችላሉ። በአንድ ትልም ውስጥ ወጥ ሆኖ በሁለቱም ቦታ ያልተለወጠ ባሕርይ የዘር ነው። በሁለቱ ቦታዎች የተለያየ፣ ነገር ግን ትልሞቹን ሁሉ በእኩል የቀየረ የመሬት ነው። ጓሮ ላይ አንደኛ የወጣው ትልም ማሳ ላይ መጨረሻ ሲሆን ካዩ ደግሞ ዘርና መሬት ተያይዘው የሠሩት ነው፤ በመድረሻ ጊዜና በፍሬ ክብደት ላይ ይህን እንደሚያዩ እገምታለሁ።

አባትዎ «ይኸው፣ ዘንድሮ ተለወጠ» የሚሉትን ዛላ ራሳቸው እንዲመርጡ ያድርጉ፤ ሦስትም አራትም ቢሆን ከ40ዎቹ መካከል ይግባ። ትልሙ በሙሉ ወጥቶ ያንኑ መልክ ቢይዝ ዛላው አልተለወጠም፤ ከድብልቁ ውስጥ ድሮም ነበር። ከአራት አንድ ገደማው ባለ ስድስት፣ የቀረው ባለ ሁለት ሆኖ ቢለያይ የድቅል ልጅ ነው። በአንድ ዛላ ላይ እንኳ አንድ፣ ሦስት፣ ሁለት እያለ የሚያፈራ ከሆነ፣ በጓሮና በማሳው መካከልም ቁጥሩ ከተቀያየረ፣ ያ ወጥ ያልሆነው የኢትዮጵያ ገብስ ነው፤ አባትዎም ስለዚያ ገብስ የተናገሩት ልክ ነበር።